የጉንፋን ክኒን ውጬ ጫት ቃምኩ፤ ልቤ ሊወጣ ነበር። የሚያስረዳኝ አለ?

የባጃጁ ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 4:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ ባጃጅ እነዳለሁ፣ 31 ዓመቴ ነው። ጫት ከጀመርኩ 8 ዓመት ሆኖኛል። በየቀኑ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ የወንዶ።

እሁድ ዕለት ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ድፍን ብሎ ነበር። ጠዋት አንድ ፋርማሲ ገባሁና የጉንፋን ክኒን ሰጡኝ። አንድ ጠዋት፣ አንድ ምሳ ላይ ዋጥኩ። አፍንጫዬ ተከፈተ። ደስ አለኝና 8 ሰዓት ላይ አቶቴ ሰፈር ጓደኛዬ ቤት ሄጄ መቃም ጀመርን።

10 ሰዓት ሲሆን ልቤ ይደልቅ ጀመር። ጆሮዬ ውስጥ ሁሉ ይሰማኛል። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ማጅራቴን ወጥሮ ያዘኝ። ጀለሶቼ «ዛሬ መርቅነሃል» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ የባሰብኝ ሞኝ ሁለተኛ ዙርባ ጨመርኩ። ምርቃናው ንክች አላለም። ድለቃው ግን አልለቀቀኝም። ማታ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ግፊቴ 170 በ110 ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሰዓት አስተኝተው፣ ሲወርድ «ሂድ፣ ቡና እንዳትጠጣ» ብለው ሸኙኝ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ክኒኑ ነው ወይስ ጫቱ? ሁለተኛው ዙርባስ ለምን ምንም ሳይጨምር ቀረ?

ጥቁር ውሃ፣ ማታ 4:22

አቦ ጫቱ ላይ መድኃኒት ተረጭቶበት ነው። ሳታጥብ ነው የምትቅመው መቼም።

የባጃጁ ልጅ፣ ማታ 4:25

አጥቤዋለሁ። ደግሞ አራት ሆነን ከአንድ ጫት ነው የቃምነው። ሦስቱ ደህና ናቸው።

ማታ ተረኛ፣ ማታ 4:51

ፋርማሲስት ነኝ፣ እዚሁ ሀዋሳ። የተረጨ ጫት ሌላ ችግር ነው፣ ትክክለኛ ችግርም ነው፤ የዚህን ወንድማችንን ነገር ግን አያስረዳም። የክኒኑ ሽፋን ካለህ የተጻፈውን አንብብልኝ እስኪ።

የባጃጁ ልጅ፣ ማታ 4:58

አለ። ፓራሲታሞል 500፣ ፕሱዶኤፌድሪን 30፣ ክሎርፌኒራሚን 2።

ማታ ተረኛ፣ ማታ 5:34

መሃል ላይ ያለውን አየኸው? ጉዱ እዚያ ነው። ባጃጅ ነጂ ስለሆንክ በባጃጅ ላስረዳህ። አስተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝ።

ልብህን የሚያስሮጠው፣ ደም ሥርህን የሚያጠበው፣ የዓይንህን ብሌን የሚያሰፋው ሲምፓተቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል ነው። ውሻ ሲያባርርህ የሚነሳው እሱ ነው። ነርቩ ግን ልብህን ራሱ አይነካትም። ጫፉ ላይ መናኸሪያ አለ በል። እዚያ ኖርአድሬናሊን የሚባል መልእክተኛ በትንንሽ ከረጢቶች ታሽጎ ተራውን ይጠብቃል። ከላይ ትእዛዝ ሲመጣ ይወጣል፣ ጠባቧን ክፍተት ይሻገራል፣ የልብን በር ያንኳኳል። ልብ ትፈጥናለች። ሥራው ሲያልቅ አብዛኛው ወደመጣበት ይመለሳል። የራሱ መመለሻ በር አለው። ተመልሶ ከረጢቱ ውስጥ ካልገባ ደግሞ ማኦ የሚባል ኢንዛይም አግኝቶ ይሰባብረዋል። እሱን ትራፊክ ፖሊስ በለው። ያለቦታው የቆመ ካገኘ አይምርም።

መድኃኒቶቹ ጋ እንምጣ። አንዳንዱ ራሱ ሄዶ የልብን በር ያንኳኳል። የአድሬናሊን መርፌ እንዲያ ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ ባጃጅ ማለት ነው፤ መናኸሪያህን አያውቀውም፣ አያስፈልገውምም። ሌላው ግን በር አያንኳኳም። ያንተኑ ባጃጆች ነው የሚያሰማራው። ኮኬይን የመመለሻውን በር ይዘጋዋል። የወጣው መመለሻ አጥቶ ውጭ ሲዞር ይቆያል፣ ደጋግሞ ያንኳኳል። ለድባቴ የሚሰጡት እነ ኢሚፕራሚንና አሚትሪፕቲሊንም ይህንኑ በር ይዘጋሉ። ፌነልዚን የሚባል የድሮ የድባቴ መድኃኒት ደግሞ ትራፊኩን ያስተኛዋል። ሰባሪ ሲጠፋ መናኸሪያው ይጨናነቃል።

ያንተው ከእነዚህ ሁሉ ተንኮለኛው ነው። መልኩ ኖርአድሬናሊንን ስለሚመስል በመመለሻው በር ሲገባ ዘበኛው አይለየውም። ከረጢቶቹ ውስጥ ሰርጎ ይገባና የነበረውን ገፍቶ ያስወጣል። የተባረረው ኖርአድሬናሊን በዚያው በመመለሻው በር፣ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ወደ ውጭ ይጎርፋል። ትእዛዝ የለ፣ ተራ አስከባሪ የለ። አንጎልህ «ሩጥ» ሳይል ልብህ ይሮጣል።

የጫት ዋናው ቅመም ካቲኖን የሚሠራው እንዲህ ነው። ፕሱዶኤፌድሪንም በአብዛኛው እንዲሁ። አፍንጫህ የተከፈተው የአፍንጫህ ደም ሥሮች ስለጠበቡ ነው። ክኒን ግን አፍንጫን ለይቶ አያውቅም፤ ሌላውንም ደም ሥር ያጠባል።

ቆይ፣ አላለቀም። ጫት ውስጥ ካቲን የሚባል ሌላ ነገርም አለ። የኬሚስትሪ ስሙ ኖርፕሱዶኤፌድሪን ነው። «ኖር» ማለት ሜቲል የምትባል አንዲት ቁራጭ ጎድላለች ማለት ነው። የዋጥከው ክኒንና የቃምከው ቅጠል ወንድማማች ናቸው። ጓደኞችህ አንዱን ወንድም ብቻ አስተናገዱ። አንተ ሁለቱን በአንድ ቀን።

የባጃጁ ልጅ፣ ማታ 5:41

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የሸጠልኝ ልጅ ግን «ትቅማለህ ወይ» ብሎ አልጠየቀኝም።

ማታ ተረኛ፣ ማታ 5:46

መጠየቅ ነበረበት። እኔም ሰልፍ ሲበዛ የማልጠይቅበት ቀን አለ፤ አልዋሽህም።

ጋሽ ታቦር፣ ረቡዕ ጠዋት 1:15

እኔ ሳይንሱን አልቃወምም። ግን ጫት ስቅም 40 ዓመት አልፎኛል። አባቴም ሲቅሙ ኖረው ነው በእርጅና የሞቱት። ሁሉን በጫት ማላከክ ፋሽን ሆኗል። የኔ ችግር አንድ ብቻ ነው፣ ከቃምኩ በኋላ ሽንቴ እሺ አይለኝም። ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ጠብ ጠብ ይላል። እሱም ዕድሜ ነው።

ማታ ተረኛ፣ ጠዋት 2:03

ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ዕድሜውም ሊኖርበት ይችላል፣ ጫቱም አለበት። የሽንት ፊኛ አንገት ላይ አልፋ የሚባሉ የኖርአድሬናሊን ተቀባዮች አሉ። ሲነኩ አንገቱ ይጠብቃል። ልጁን ልቡ ላይ ያገኘው ያው መልእክተኛ እርስዎን እዚያ ነው የሚያገኝዎት። በእርስዎ ዕድሜ ፕሮስቴትም ስለሚያብጥ ሁለቱ ሲገናኙ ሽንት ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል። እባክዎ ይታዩት። የጉንፋን ክኒንም ሲገዙ ፕሱዶኤፌድሪን የሌለበትን ይጠይቁ።

ጋሽ ታቦር፣ ጠዋት 2:20

እንዲህ በአክብሮት ከተነገረኝማ እታያለሁ።

የሰመመን ሰው፣ ረቡዕ ቀን 7:40

ሰመመን ሰጪ ነኝ። ስለ ሁለተኛው ዙርባ የተጠየቀውን ማንም ስላልነካው እኔ ልሞክር። የኔ ሥራ ላይ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው።

ለወሊድ ቀዶ ሕክምና እናቶችን ጀርባቸው ላይ እንወጋለን። ከወገብ በታች ይደነዝዛል፣ ግፊት ግን ዝቅ ይላል። ያኔ ኤፌድሪን እንሰጣለን፣ በትንሽ በትንሹ፣ 5 ወይም 10 ሚሊግራም። ኤፌድሪን የፕሱዶኤፌድሪን የቅርብ ዘመድ ነው። ራሱ ትንሽ ያንኳኳል፣ አብዛኛው ሥራው ግን ያው የራሷን ኖርአድሬናሊን ማስወጣት ነው። የመጀመሪያው ዶዝ ያምራል። ግፊቷ ብድግ ይላል፣ ማቅለሽለሿ ይጠፋል፣ «ልጄ አለቀሰ ወይ?» ትለኛለች። ሁለተኛው ያነሰ ነው። ሦስተኛው ሲሰጥ አንዳንዴ ማሽኑን አይቼ «ገባ ወይስ ደም ሥሩ አልፏል?» እላለሁ። ገብቷል። የሚወጣው ኖርአድሬናሊን ነው ያነሰው።

መናኸሪያው በአንድ ጊዜ አይሞላም። ነርቩ ከታይሮሲን ተነስቶ፣ በዶፓና በዶፓሚን አልፎ፣ ኖርአድሬናሊኑን ቀስ እያለ ነው የሚሠራው። ጊዜ ይፈልጋል። አስወጪ መድኃኒት በላይ በላዩ ብትጨምርበት ውጤቱ እያነሰ ይሄዳል። ታኪፊላክሲስ ይሉታል። እንዲህ ሲያጋጥመኝ ወደ ቀጥተኞቹ እዞራለሁ፣ ፌኒልኤፍሪን ወይም አድሬናሊን። እነሱ የሷ ክምችት ቢያልቅም አይገዳቸውም።

ስለዚህ ቅድመ ምርመራ ላይ «ጫት ትቅማለህ? መቼ ነው የቃምከው?» ስልህ ልፈርድብህ አይደለም። የትኛውን የመድኃኒት አምፑል ቀድሜ እንደማዘጋጅ ላውቅ ነው። ሰዎች ይዋሹኛል። ሚስት አጠገባቸው ካለች ደግሞ ይብስባቸዋል።

ሦስተኛ ዓመት፣ ቀን 8:02

የፋርማሲ ተማሪ ነኝ፣ ክርክር አለኝ። ክምችቱ ካለቀ ልቡ ለምን መደለቁን አላቆመም?

የሰመመን ሰው፣ ቀን 8:30

ጎበዝ። አንደኛ፣ ሙልጭ ብሎ አያልቅም። አስወጪው የሚደርስበት የተወሰነውን ክፍል ነው። ሁለተኛ፣ ካቲኖን ደም ውስጥ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ነው። ልጁ 8 ሰዓት ጀምሮ 10 ሰዓት ላይ ነው የደለቀበት። ሁለተኛውን ሲጨምር የመጀመሪያው ገና አልወረደም። የምሳው ክኒንም ገና ከሰውነቱ አልወጣም ነበር። ሦስተኛ ደግሞ ፈርቷል። ፍርሃት ራሱ እውነተኛውን ትእዛዝ ከላይ ይልካል።

ምርቃናው ሌላ ነው። እሱ በአብዛኛው አንጎል ውስጥ ያለው የዶፓሚን ሥራ ነው። ዘዴው ግን ያው ነው፤ ከራስ ክምችት ማስወጣት። በማግስቱ ድብርቱ፣ ዱካኩ፣ ሐራራው ሲመጣ «ሰው ዓይን በላኝ» የሚል ጓደኛ አለኝ።

ጥቁር ውሃ፣ ቀን 8:44

ሃሃሃ የኔም ጓደኛ ነው እሱ።

የባጃጁ ልጅ፣ ረቡዕ ማታ 2:15

አንድ ነገር ልጠይቅ። እህቴ ለማይግሬን ፕሮፕራኖሎል ትወስዳለች። ልብ ያረጋጋል አለችኝ። እንደዚያ ቀን ቢደልቅብኝ አንዷን ብውጥስ?

ማታ ተረኛ፣ ማታ 2:21

እንዳታደርገው! ኖርአድሬናሊን የሚያንኳኳቸው በሮች ከአንድ በላይ ናቸው። ቤታ የሚባሉት ልብን ያስሮጣሉ። አልፋ የሚባሉት ደም ሥር ያጠባሉ። ፕሮፕራኖሎል የሚዘጋው ቤታዎቹን ነው። ቤታ ውስጥ ደም ሥር የሚያላላም አለ፣ እሱም አብሮ ይዘጋል። አልፋው ያለ ተከራካሪ ይቀራል። የልብ ምትህ ሲቀንስ ተሻለኝ ብለህ ስትተኛ ግፊትህ ጭራሽ ሊወጣ ይችላል። ደረትህን ከጨመቀህ፣ አንድ ጎንህ ከዛለ፣ አፍህ ከተንጋደደ ወይም ራስህን በሕይወትህ አይተኸው በማታውቀው ሁኔታ ካመመህ የእህትህን ክኒን ተውና ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ስትደርስም መቃምህንና የዋጥከውን ንገራቸው።

እናት ነኝ፣ ማታ 2:50

ይቅርታ ከርዕሱ ወጣ ልበል። ልጄ ትኩረት ማጣት አለበት ተብሎ ሜቲልፌኒዴት ታዞለታል። ይሄም እንደዚያው ነው?

ማታ ተረኛ፣ ማታ 2:58

በሩን ከሚዘጉት ወገን ነው እህቴ፤ የዶፓሚንና የኖርአድሬናሊን መመለሻን። በሐኪም መጠን፣ ክብደቱና ግፊቱ እየታየ ይሰጣል። ከዚያ በላይ እዚህ ላይ አልልም። ሐኪሙን ጠይቂው።

ከአላሙራ በታች፣ ሐሙስ ጠዋት 3:30

ወንድሜ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞት ሕክምና ላይ ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሊኔዞሊድ ይላል። ነርሷ «ጫትና የጉንፋን መድኃኒት ሳትጠይቀኝ እንዳትወስድ» አለችው። እሱ «ጫት ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። ይሄን ክር ሳነብ የሆነ ነገር በራልኝ። ትክክል ነች?

ማታ ተረኛ፣ ሐሙስ ማታ 1:40

ነርሷን ሳሙልኝ። ልክ ነች።

ሊኔዞሊድ ባክቴሪያ ለመግደል የተሠራ ነው። ግን በጎን ማኦን፣ ያንን ትራፊክ፣ በመጠኑ ያስተኛል። ትራፊኩ ሲተኛ መናኸሪያው ይሞላል። በዚያ ላይ ካቲኖን ወይም ፕሱዶኤፌድሪን ሲመጣ የሚያስወጣው ብዙ ነው። ግፊት ሊተኮስ ይችላል።

ይሄ ነገር የታወቀበት መንገድ ደስ ይለኛል። እንግሊዝ አገር የማኦ ማገጃ ለድባቴ በሚሰጥበት ጊዜ አንዳንድ ታካሚዎች ድንገት ከባድ ራስ ምታት ይይዛቸው ነበር። አንድ ፋርማሲስት ይህንኑ መድኃኒት የምትወስድ ሚስቱ አይብ ስትበላ ራሷን እንደሚያማት አስተውሎ ለዶክተር ባሪ ብላክዌል ጻፈለት። መጀመሪያ ብዙዎች አላመኑም። ብላክዌል ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1963 አሳተመው። ጥፋተኛው ታይራሚን ነበር። ፕሮቲን ሲብላላና ሲቆይ የሚወጣ ነገር ነው፤ ያረጀ የፈረንጅ አይብ ሞልቶታል። በጤናማ ሰው አንጀትና ጉበት ያለው ማኦ በመንገድ ያስቀረዋል። ማኦ ከተኛ ግን ታይራሚኑ እስከ ነርቭ ጫፍ ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ ሥራው የጫት ሥራ ነው። ፋርማሲስት በመሆኔ የምኮራባት ታሪክ ናት።

ከአላሙራ በታች፣ ማታ 1:52

ታዲያ ወሳስ (ቆጮ)? እኛ ቤት ያለ ወሳ አይበላም። አይብስ?

ማታ ተረኛ፣ ማታ 2:06

ቆጮው በአብዛኛው ስታርች ነው። ታይራሚን የሚወጣው ደግሞ ከፕሮቲን ነው። የኛ አይብ ትኩስ ሲበላ ወራት ካስቆጠረው ጋር አንድ አይደለም። ከመጠጥ የሚፈራው ድራፍት ነው። ያደረና ጠረኑ የተቀየረ ሥጋም ይቅርበት። ለነርሷ የሚበላውን ሁሉ ይንገራት፣ እሷ ትለይለታለች።

ሦስተኛ ዓመት፣ ሐሙስ ማታ 3:00

ነገ ፈተናዬ ስለሆነ አንድ እንቆቅልሽ ልጣል። ለአንድ እንስሳ ታይራሚን ሲሰጠው ግፊቱ ይወጣል። መጀመሪያ ኮኬይን ሰጥተን ከዚያ ታይራሚን ብንሰጠውስ? ሁለቱም ግፊት ጨማሪ ናቸው። ይደመራል?

ጥቁር ውሃ፣ ማታ 3:04

ይፈነዳል።

የሰመመን ሰው፣ ማታ 3:31

አይደመርም። የታይራሚኑ ውጤት ይቀንሳል። ታይራሚን የሚገባው በመመለሻው በር ነው፣ ኮኬይን ደግሞ በሩን ዘግቶታል። ውጭ ቆሞ ይቀራል። በታይራሚን ፋንታ ኖርአድሬናሊኑን ራሱን በመርፌ ብትሰጥ ግን ይብሳል፤ የሚመልሰው በር የለማ። ሬሰርፒን ብትሰጠው ደግሞ ከረጢቶቹ ኖርአድሬናሊን መያዝ ያቅታቸዋል፣ መናኸሪያው ባዶ ይሆናል፣ ታይራሚን ገብቶ የሚያስወጣው ያጣል። ቀጥተኛው መድኃኒት ያኔም ይሠራል። እነዚህን ከያዝክ ፈተናህን አለፍክ።

የበሩን ነገር የደረሰበት ጁሊየስ አክሰልሮድ ነው። መልእክተኛው ኖርአድሬናሊን መሆኑን ያወቀው ኡልፍ ፎን ኦይለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1946። ሁለቱም ከበርናርድ ካትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ1970 ኖቤል ወስደዋል። ይሄ እንኳ አይጠየቅም፣ ለራስህ ነው።

ጋሽ ታቦር፣ አርብ ጠዋት 1:30

ጫት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በጥድፊያ የሚመጣው ለምንድን ነው? አባቴ «ሲደርቅ መንፈሱ ይሄዳል» ይሉ ነበር።

ማታ ተረኛ፣ ጠዋት 2:45

አባትዎ ልክ ነበሩ ጋሼ። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ካቲንና ኖርኤፌድሪን ይለወጣል፣ እነሱ ደግሞ ደካማ ናቸው። ሳይንቲስቶቹም ካቲንን እ.ኤ.አ. በ1930 አውቀውት ዋናውን ቅመም፣ ካቲኖንን፣ ለይተው ያወጡት ገና በ1975 ነው፣ በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ። ከዚያ በፊት ብዙው የተመረመረው የደረቀ ቅጠል ነበርና።

ያ ኖርኤፌድሪን ደግሞ ፌኒልፕሮፓኖላሚን በሚል ስም የጉንፋን ክኒን ውስጥ ለብዙ ዓመት ተሸጧል። አንጎል ውስጥ ደም ከማፍሰስ ጋር ስለተያያዘ እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ ይውጣ አለ። የጫትና የጉንፋን ክኒን ዝምድና የትናንት አይደለም ማለት ነው።

የባጃጁ ልጅ፣ አርብ ማታ 3:10

ዛሬ ተለካሁ፣ 126 በ82። አፍንጫዬ ግን ተመልሶ ተደፍኗል፣ ስድስት ክኒን ቀርቶኛል።

ማታ ተረኛ፣ ማታ 3:14

በጨው ውሃ እጠበው። ነገ ትቅማለህ?

የባጃጁ ልጅ፣ ማታ 3:20

ነገ ቅዳሜ ነው እኮ።

ማታ ተረኛ፣ ማታ 3:21

እንግዲያው ክኒኖቹን በሥራ ስታልፍ ለፋርማሲያችን ስጠን፣ እናስወግዳቸዋለን። ከተደበደብክ ደግሞ እንዳትነዳ።

ጥቁር ውሃ፣ ማታ 3:24

«ከመረቀንክ» ለማለት ፈልጋ ነው። ሂሳብ አስከፍላት ለመንገዱ።